ከእምቢልታ እስከ ኮምፒዩተር

ባለፈው ዓመት በደብረ ማርቆስ ከተማ በምንሠራበት መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ለድምፅ መቅረጫ እንድትሆን ተፈቀደች። ዐላማው ግልጽ ነበር፤ በከተማውና በዙሪያው ያሉትን የዜማ ዐዋቂዎች ሳያልፉ ድምፃቸውን ቀርጾ ለማኖር፣ ደግሞም የአገሩ ወጣቶች ያንኑ ድምፅ ለአዲስ ሥራ እንዲገለገሉበት ለማድረግ ነው። የሚገዛውን ዕቃ ዘርዝረው እንዲያቀርቡ ሦስት ሰዎች ታዘዙ። አንደኛው የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሁለተኛው በየሰርጉ ቤት ኦርጋን የሚጫወት የሥራ ባልደረባችን፣ ሦስተኛው እኛ ነበርን።

ማይክሮፎኑ፣ የጆሮ ማዳመጫው፣ ኮምፒዩተሩ ባንድ ቀን ተጽፎ አለቀ። ከዝርዝሩ መጨረሻ የነበረው «የሙዚቃ ሶፍትዌር» የሚለው አንድ መስመር ግን ሦስት ሳምንት አስቆመን። ጉዳዩ እንግዳ ለሆነበት አንባቢ ነገሩን ባጭሩ እንግለጽ። ዛሬ ሙዚቃ የሚያቀናብር ሰው መሣሪያዎቹን ሁሉ በክፍሉ ሰብስቦ አያስቀምጥም። ፒያኖው፣ ከበሮው፣ ጊታሩ፣ እንዲያውም ክራሩና ማሲንቆው በኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ የሚኖሩ ፕሮግራሞች ሆነዋል። የእያንዳንዱ ድምፅ ከእውነተኛው መሣሪያ ተቀርጾ፣ ወይም በሒሳብ ስሌት ተሠርቶ ይቀመጥና የኦርጋኑ ቁልፍ ሲነካ ይሰማል። እነዚህ መሣሪያዎች ግን ብቻቸውን አይቆሙም። የሚያስገባቸው፣ ተራቸውንና ጊዜያቸውን የሚሰጣቸው፣ ድምፃቸውን አመዛዝኖ ባንድነት የሚያወጣቸው ሌላ ትልቅ ፕሮግራም ያስፈልጋቸዋል። ባለሙያዎቹ ይህን ፕሮግራም አስተናጋጅ ይሉታል። መሣሪያዎቹ እንግዶች ናቸው፤ እሱ አዳራሹ ነው። እንግዲህ ጥያቄው የትኛውን አዳራሽ እንግዛ የሚል ነበር።

ባልደረባችን መልሱን በኪሱ ይዞት ነበር። ለብዙ ዓመት የለመደው ፕሮግራም አለው፤ ያገኘውም እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቹ ከሰው ፍላሽ ቀድቶ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ደግሞ «በነጻ የሚገኘውን ነገር መንግሥት ለምን በዶላር ይገዛል?» ሲል ተከራከረ። ያለ ፈቃድ የተቀዳ ነገር በንብረት መዝገብ ላይ እንዴት ተብሎ እንደሚጻፍ ስንጠይቀው ግን ራሱ ሣቀ። እኛም በበኩላችን ነገሩን ቀላል አድርገን አይተነው ነበር፤ ሁሉም ያው ነው፣ ርካሹን እንያዝ ብለን።

ይህን ሐሳባችንን ያስለወጡን አንድ የማሲንቆ ዐዋቂ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን ለመጻፍ ፈቃዳቸውን አልጠየቅንምና እናልፈዋለን። ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ለምነናቸው ወደ ክፍሏ ገቡና ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ባልደረባችን የራሱን ኮምፒዩተር ከፍቶ «ማሲንቆ» ተብሎ የተጻፈበትን መሣሪያ መረጠና ቁልፉን ነካ።

«ይህ ማሲንቆ ነው አባባ» አላቸው።

ጥቂት አደመጡና «ማሲንቆስ ማሲንቆ ነው» አሉ።

አብረው እንዲጫወቱ ቢለምናቸው አንቺ ሆዬን ጀመሩ። ጭራውን ከማሽኑ ድምፅ ጋር ሲያስማሙት ጣታቸው የሚያርፍበት ቦታ አይስማማም፤ ለማስማማት ጣታቸውን ሲያንሸራትቱ ደግሞ አንቺ ሆዬው ይጠፋባቸዋል። አጠበቁ፣ አላሉ፣ እንደገና አጠበቁ። በመጨረሻ ደጋኑን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው «ልጄ፣ የዚህኛው መቃኛው የት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ባልደረባችን በመስኮቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ፈለገና አጣ። «የለውም አባባ፤ እንዲሁ ነው የተሠራው» አላቸው።

«እንግዲያውስ ሁልጊዜ እኔ ነኛ ወደሱ የምሄደው» አሉና ማሲንቆአቸውን በጨርቅ ጠቀለሉ።

ይህ ጥያቄ የሳቸው ብቻ መስሎን ነበር። የቈየውን ታሪክ ስንመረምር ግን መሣሪያዎች ባንድ ቦታ በተሰበሰቡ ቍጥር የተነሣ ጥያቄ ሆኖ አገኘነው። ከተሰበሰቡት መካከል መቃኘት የማይችለው ሌሎቹን ይገዛል። ዋሽንትና ክራር አብረው ሲጫወቱ የዋሽንቱ ቀዳዳ ከተበሳ በኋላ ስለማይለወጥ ክራሩ ወደ ዋሽንቱ ይቃኛል እንጂ ዋሽንቱ ወደ ክራሩ አይቃኝም። ባለዋሽንቱም ይህን ስለሚያውቅ ረጅምና አጭር የሆኑ ብዙ ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል።

ባገራችን ልማድ የዜማ መሣሪያ በብዛቱ ብቸኛ ነው። አዝማሪው ከማሲንቆው ጋር ይዘፍናል፤ ያ አንድ ጭራ ሌላ ጓደኛ የለውም። ባለበገናው በዐቢይ ጾም ከዐሥሩ አውታሮች ጋር ብቻውን ይቀመጣል። በጮቄ ተራራ ግርጌ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ዋሽንቱን የሚነፋው ለራሱና ለከብቶቹ ነው። መሣሪያዎች ተሰብስበው ሲሰሙ የኖሩት በሁለት ቦታ ነበር ለማለት ይቻላል፤ በቤተ ክርስቲያንና በቤተ መንግሥት።

በቤተ ክርስቲያን የሚሰበሰቡት ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ናቸው። ካህናቱ መጀመሪያ በቁም ዜማ ያለምንም መሣሪያ ይላሉ፤ ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ይወዛወዛል፤ በመረግድና በጽፋት ከበሮውና ጸናጽሉ እየተጨመሩ ዜማው ይሞቃል። ድምፅን በድምፅ ላይ እየደረቡ መሄድ ለዛሬዎቹ የኮምፒዩተር አቀናባሪዎች አዲስ ጥበብ ሊመስላቸው ይችላል፤ በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ የተማረ ደብተራ ግን አይደነቅበትም። ልብ ማለት የሚገባን ሌላ ነገር አለ። ከሦስቱ መሣሪያዎች አንዱም ቅኝት የለውም። ከበሮም ሆነ ጸናጽል ለድምፁ ከፍታ ከሰው ጉሮሮ ጋር አይከራከርም፤ ስለዚህ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የጉሮሮውን ልክ ይዘው እስከ ዛሬ ደርሰዋል።

በቤተ መንግሥት በኩል ነጋሪት፣ መለከትና እምቢልታ የሥልጣን ምልክት ነበሩ። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ እጅ የጎጃምን ዘውድ ተቀብለው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲባሉ፣ መናገሻቸው መንቆረርም ደብረ ማርቆስ ስትባል፣ የንጉሥ ክብር የሚታወቀው በዐይን ብቻ ሳይሆን በጆሮም ነበር። ከእነዚህ መሣሪያዎች እምቢልታ ለርእሳችን ይጠቅማል። የጣት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ እምቢልታ ከአንድና ከሁለት ድምፅ በላይ አያወጣም። ስለዚህ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ይዘው አንዱ የሌላውን ክፍት ቦታ እየሞላ ይነፋሉ። አንዱ ብቻውን ዜማ አይሆንም፤ ሦስቱ ሲገጣጠሙ ግን ዜማው ይወጣል። እነዚህ መሣሪያዎች ሲጀመር ለመገጣጠም የተሠሩ ስለሆኑ እንግዳና አስተናጋጅ የሚባል ነገር በመካከላቸው የለም።

እንግዳው የመጣው ከዐድዋ ድል በኋላ ነው። የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ 2ኛ ለዐፄ ምኒልክ የናስ መሣሪያዎች በስጦታ ላኩላቸው፤ የማርሽ ባንድ ታሪካችንም ከዚያ ይጀምራል። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጐበኙ በአርመኖች ገዳም ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። እስከ አብዮቱ ድረስ የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ናልባንዲያን ሲሆን በ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ላይ የነፉት ልጆቹ ነበሩ። የናስ መሣሪያ የሚናገረው በኤውሮፓ ልክ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያገራችን ዜማ ወደ ባንዱ በገባ ቍጥር ልኩን በደጃፉ ላይ እያወለቀ ይገባ ጀመር። ይህን ስንል የባንዱን ውለታ መካዳችን አይደለም፤ ከክብር ዘበኛ፣ ከፖሊስና ከጦር ሠራዊት ባንዶች ያልወጣ ታላቅ ተጫዋች በዚያ ዘመን ጥቂት ነው።

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የባህሉን መሣሪያና የኤውሮፓውን ኦርኬስትራ በአንድ ግቢ አኖሩ፤ ግን በሁለት ክፍል ነው። የጌታቸው መኩሪያን (1927–2008 ዓ.ም.) ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ግን ጎጃሜው አንባቢ ይቀየመናል። ጌታቸው ሽለላውን ወደ ሳክስፎን አዞረው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ፒያኖ ቢሆን ኖሮ አይሆንም ነበር። የፒያኖ ቁልፍ ሲነካ የተወሰነለትን ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ ሳክስፎን ግን ቁልፉ የኤውሮፓ ቢሆንም የከንፈርና የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ነፊው ድምፁን ሊያንሸራትተው፣ ሊያስጮኸው፣ ሊያስገሳው ይችላል። መሣሪያው የሌላ አገር ሆኖ መቃኛው ግን በተጫዋቹ ከንፈር ላይ ቀርቶለታል።

አሁን ከታሪኩ ሁሉ ይበልጥ ወደ አስደነቀን ሰው ደረስን። ሐሊም ኤል ዳብ የሚባለው ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ በ1913 ዓ.ም. ገደማ ካይሮ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1944 ገና ወጣት ሳለ ድምፅ በብረት ሽቦ ላይ የሚቀርጽ ማሽን ከአንድ የራዲዮ ጣቢያ ተውሶ የሴቶችን የዛር ሥርዓት ቀረጸ። ቀርጾም አልተወውም። የዘፋኞቹን ድምፅ መልሶ እያጫወተ፣ የመጀመሪያውን ጩኸት እየቈረጠ፣ የክፍሉን ማስተጋባት እየጨመረ፣ እንደገና በሽቦ ላይ እየቀዳ አዲስ ሥራ አወጣበት። የተቀረጸ ድምፅን እንደ ጭቃ አድቦልቡሎ ሙዚቃ በመሥራት በዓለም ላይ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በኋላም በአሜሪካ በኮሎምቢያና በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ውስጥ ሠራ። እንግዲህ ይህ ሰው በ1955 ዓ.ም. ገደማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ሳለ ምን አደረገ ቢሉ፣ ሽቦውንና ማሽኑን ትቶ ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ በገናውን፣ ዋሽንቱን፣ እምቢልታውን፣ መለከቱንና ከበሮውን ባንድ መድረክ ላይ ሰበሰበ። ስሙንም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ አለው።

ይህ ነገር ዛሬ ለኛ ተራ ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን የጸሎት መሣሪያ የሆነውን በገና ከአዝማሪ ማሲንቆ ጎን ማስቀመጥ ድፍረት ነበር። የተለያየ አገርና የተለያየ ማዕረግ ያላቸው መሣሪያዎች ያለ ፒያኖና ያለ ናስ እርስ በርሳቸው መስማማት ነበረባቸው። አዳራሹ የራሳቸው ነው፤ ገዢ ቢኖር እንኳ ገዢው ከመካከላቸው ያለ ዋሽንት ነው። ከኤል ዳብ በኋላ ጆን ኮ፣ ከ1958 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም ተስፋዬ ለማ መሩት። ማሲንቆ የተማረው አሜሪካዊው የሰላም ጓድ ባልደረባ ቻርልስ ሳተን ቡድኑን በ1961 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ይዞ ሲሄድ የተሰጠው ስም የኛን ምድር ከሦስት ወገን ከሚከበው ወንዝ የተወሰደ ነበር፤ የዓባይ ቡድን ተባለ። ኦርኬስትራው በ1967 ዓ.ም. ገደማ ተበተነ። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ጥበብ ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው ሰው እኛ ዘንድ ሲደርስ የመረጠው የተቃኘ አውታርን መሆኑን ባሰብን ጊዜ፣ የሒሳብ ሠራተኛችንን ጥያቄ በሌላ ዐይን ማየት ጀመርን።

ከአብዮቱ ወዲህ ያለውን ፈጠን ብለን እንለፍ። በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ፤ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላ ዛሬም ስማቸው ይነሣል። በሰዓት እላፊው ምክንያት የአዲስ አበባ የማታ ሕይወት ጠበበ፤ ሙዚቃውም ወደ ካሴት ገባ። ብዙ ነፊዎች የነበሩት ባንድ እያነሰ መጣና የነፊዎቹን ቦታ ሕዝቡ ኦርጋን የሚለው ሲንተሳይዘር ያዘው። የዚህ ዘመን ታላቅ ምስክር ኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ከተማ አኮርዲዮኑን፣ የያማሃ ዲኤክስ7 ሲንተሳይዘሩንና የኤሌክትሪክ ከበሮውን ይዞ ብቻውን ስቱዲዮ ገባ። አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ እየደረበ «ሸሞንሟናዬ»ን የያዘውን ካሴት አወጣ። የአዳራሹን እንግዶች ሁሉ አንድ ሰው ሆኖ ተካቸው ማለት ነው። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም የዓለም ወጣት ሁሉ አዲስ ነገር ያገኘ መሰለው። በዚያ ካሴት ላይ ደስ የሚለን አኮርዲዮኑ ነው፤ ዜማውን የሚያንሸራትትበት መንገድ ከሲንተሳይዘሩ ድርቀት ጋር ሲጋጭ አንድ የሚያሳዝን ነገር ይወልዳል።

ሙላቱ አስታጥቄ የሄደበት መንገድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007ና በ2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በነበረበት ጊዜ ክራርን ከኤሌክትሮኒክ ጋር አዋሕዶ የኤውሮፓን ሙሉ ቅኝት እንዲጫወት ለማሻሻል ደከመ። ይህ እንግዳው ራሱ ለአዳራሹ እንዲሰፋ ማድረግ ነው። የሙላቱን ሥራ እናከብራለን፤ ዐሥራ ሁለቱን ድምፅ የሚጫወት ክራር ለኢትዮ ጃዝ ይጠቅማል። ሆኖም ለኛ ክፍል የሚሆን መንገድ አልነበረም፤ የኛ ሥራ ሽማግሌዎቹን መለወጥ አይደለምና። የቻግኒዋ ልጅ እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ከቢል ላስዌል ጋር ባወጣችው እ.ኤ.አ. የ2001 አልበም ላይ ከታላላቅ የጃዝ ሰዎች መካከል ድምፅዋ የጎጃምን እንጉርጉሮ ሳይለቅ ሲሄድ የሰማ ሰው የምንለውን ይረዳል።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንግባ። እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካና የጃፓን መሣሪያ ሠሪዎች ተስማምተው አንዱ ሲንተሳይዘር ለሌላው የሚናገርበትን ሚዲ የተባለ ቋንቋ አወጡ። በዚህ ቋንቋ እያንዳንዱ ቁልፍ ቍጥር አለው፤ ቍጥሮቹም 128 ናቸው። እኛ ይህን ስናነብ ያደረብን ጥርጣሬ የሽማግሌው ችግር ከዚህ የመጣ ነው የሚል ነበር። ተሳስተናል። የሚዲ ቍጥር የቁልፉን ስም እንጂ የድምፁን ልክ አይናገርም፤ ልኩን የሚወስነው መልእክቱን የሚቀበለው መሣሪያ ነው። መሣሪያ ሠሪዎቹ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል አንዱን ኦክታቭ እኩል ለ12 ከፈሉት። ኦክታቩ በ1200 ጥቃቅን ክፍል ቢለካ ከቁልፍ እስከ ቁልፍ ያለው ርቀት ሁልጊዜ 100 ነው፤ አይበልጥም፣ አያንስም። ትዝታ ይህን ቢችለው አንቺ ሆዬ አይችለውም። የአንቺ ሆዬ ድምፆች እጅግ የተቀራረቡ ስለሆኑ ጥቂት ፈቀቅ ያለው ነገር ወዲያው ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1992 ለሚዲ የመቃኛ ደንብ ተጨምሮለት ነበር፤ ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ግን ችላ አሉት።

እ.ኤ.አ. በ1996 የሐምቡርጉ ስታይንበርግ ኩባንያ በኩቤዝ ፕሮግራሙ ላይ ቪኤስቲ የተባለ ደጃፍ ከፈተ። የሌላ ሰው ፕሮግራም በዚያ ደጃፍ ገብቶ በኩቤዝ ውስጥ እንዲሠራ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ደጃፉ ለመሣሪያዎችም ሰፋ። ከዚያ ወዲያ ነው ዓለሙ ሁሉ በማይዳሰሱ መሣሪያዎች የተሞላው፤ በቤልጅግ የተሠራው ኤፍኤል ስቱዲዮ፣ በጀርመን የተሠራው ኤብልተን ላይቭ፣ በአሜሪካ የተሠራው ሪፐር ሁሉም ይህንኑ ደጃፍ ከፍተው እንግዳ ይቀበላሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ኮንታክት ደግሞ ከእውነተኛ መሣሪያ የተቀረጸ ድምፅን ለማኖር ትልቅ ጎተራ ሆነ። ባገራችንም አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዎታ በኪቦርድ፣ ነፍሱን ይማርና በ2012 ዓ.ም. ያረፈው ኤልያስ መልካ በበገና ስቱዲዮ በሠሩት ሥራ የባንዱን አዳራሽ ወደ አንድ ክፍል አስገብተውታል።

ከአዳራሽ ባለቤት ጋር መዋዋል ግን የራሱ ጣጣ አለው። ሎጂክ የሚባለው ፕሮግራም በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይም ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 አፕል ሠሪውን ድርጅት ገዛና የዊንዶውሱን ሥራ አቆመው፤ በዚያ ላይ የሠሩ ሰዎች ወይ ኮምፒዩተራቸውን መለወጥ፣ ወይ ሥራቸውን ትተው መውጣት ሆነባቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ጊብሰን የኬክዎክን ሥራ በድንገት ዘጋ፤ በዓመቱ ባንድላብ የሚባል ድርጅት ገዝቶ በነጻ ባይሰጠው ኖሮ ስንት ሰው ሜዳ ላይ በቀረ ነበር። ቪኤስቲ የተባለው የመጀመሪያው ደጃፍ እንኳ ባለቤቱ ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ2018 ስታይንበርግ የሁለተኛውን ዓይነት መሥሪያ ለአዲስ ሠሪ መስጠቱን አቁሟል። ይህን ለሒሳብ ሠራተኛው ስንነግረው በጣም ገባው። «ሽማግሌው ካለፉ በኋላ ፋይሉ የማይከፈት ከሆነ ምን ገዛን?» አለ። ስለዚህ የመጀመሪያ ውሳኔያችን እያንዳንዱ ድምፅ ከአስተናጋጁ ውጭ፣ በማንኛውም ኮምፒዩተር በሚከፈት ተራ የድምፅ ፋይል ይቀመጥ የሚል ሆነ።

ሁለተኛው የመቃኛው ነገር ነው። ኤብልተን ላይቭ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው በ12ኛው እትሙ ተጠቃሚው የራሱን ቅኝት እንዲያስገባ ፈቅዷል። ሎጂክም የራሱ የመቃኛ ሰንጠረዥ አለው፤ ነገር ግን አፕል ኮምፒዩተር ይጠይቃል፣ ክፍላችን ደግሞ እሱን የመግዛት ዐቅም የላትም። ኤፍኤል ስቱዲዮን ለወጣቱ ስለለመደው እንዳንጥለው ተመካከርን፤ አንድ ጊዜ ለገዛው ሰው አዲሱን እትም ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መስጠቱም ያስመሰግነዋል። በመጨረሻ ግን ሪፐርን መረጥን። በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፤ 60 ቀን ያለ ገደብ ይሞከራል፤ ለአነስተኛ ተጠቃሚ የተወሰነው ዋጋም 60 ዶላር ነው። ከደብረ ማርቆስ ሆኖ በዶላር መክፈል ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እዚህ አናነሣውም። ከሪፐር ጋር የሚመጣ ጌጠኛ መሣሪያ የለም፤ ባልደረባችንን ቅር ያሰኘውም ይኸው ነበር። ነገር ግን ራስህ የቀረጽኸውን ድምፅ በየቁልፉ ላይ የምታስቀምጥበት ትንሽ መሣሪያ አብሮት አለ። ለኛ የሚያስፈልገን እሱ ሆኖ ተገኘ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። አንዱን ድምፅ ብቻ ቀርጾ ማሽኑ ሌሎቹን በእኩል ርቀት እንዲያባዛ ከማድረግ ይልቅ፣ ሽማግሌው በአንቺ ሆዬ የሚያወጡትን እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው መቅረጽና ለየቁልፉ መስጠት ነው። ያን ጊዜ ቁልፉ የሚናገረው የሳቸውን ጣት ልክ ይሆናል። ድካሙ ግን ብዙ ነው። ለአንድ ድምፅ ደጋኑን ቀስ ብሎ፣ መካከለኛ፣ ጠንከር ብሎ መሳብ፤ ሲወጣና ሲወርድ ለየብቻ መያዝ ያስፈልጋል። እንደዚያም ሆኖ ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲንሸራተት የሚሰማው ነገር ይቀራል፤ የማሲንቆ ነፍሱ ደግሞ እዚያ ላይ ነው። በገናን ስንቀርጽ ከአውታሩ ሥር ያለው እንዚራ የሚሰጠውን ንዝረት ባልደረባችን ጉድለት መስሎት ሊያጠፋው ሲል ደርሰንበታል። ስለዚህ የተቈራረጠው ድምፅ ብቻ ሳይሆን ሙሉው ጨዋታም ሳይነካ አብሮ እንዲቀመጥ አደረግን።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሽማግሌው ተመልሰው መጡ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር እስኪመጣ ቡና አቀረብንላቸው። መብራቱ ሲመጣ ባልደረባችን የሳቸውን ድምፅ በየቁልፉ ያስቀመጠበትን ከፍቶ በዝግታ ተጫወተ። ጆሮአቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። አራተኛው ቁልፍ ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሡ።

«እሷን ያን ዕለት ጣቴ በርዶት ነው መሰል፣ ጥቂት አስልቻታለሁ። ላላ አድርጋት።»

ባልደረባችን ከመስኮቱ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ነገር ይዞ ወደ ግራ አዞረ።

«ትንሽ ጨምር። አሁንም። እዚያ ላይ ተዋት» አሉና ማሲንቆአቸውን ከጨርቁ ፈቱ።